አፍንጫዋን ወደ መውጫው

አባቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በመጡ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። የኒያጋራን ፏፏቴ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን «ያንን ባለፈው ዓመት ሄድኩበት ያልከኝን የመኪና ውድድር» አሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ እየጎተቱ አሰብ የተመላለሱ ሹፌር ናቸው። ምርጫቸው ሊያስገርመኝ አይገባም ነበር።

ውድድሩ ኢንዲያናፖሊስ 500 ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1911 ጀምሮ በግንቦት ወር የሚካሄድ ሲሆን፣ መኪኖቹ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ትራክ 200 ጊዜ ይዞራሉ። ሲደመር 805 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህንን ስነግራቸው አባቴ ጥቂት አሰቡና «አሰብ ሊገባ ትንሽ ሲቀረው» አሉ። ያንን መንገድ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሚጨርስ ሰው ማየት ፈለጉ።

ትራኩ የሚገኘው ስፒድዌይ በምትባል፣ ዙሪያዋን በኢንዲያናፖሊስ በተከበበች ትንሽ ከተማ ነው። የነዋሪዋ ብዛት ወደ 14 ሺህ ነው። የትራኩ መቀመጫ ብቻውን ከ200 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ቀን ይገባና በአንድ ሰዓት ልውጣ ይላል። ትኬት መግዛት ቀላሉ ሥራ ነው። መኪናህን የት እንደምታቆም ካልወሰንክ ግን ጉዞህን አላቀድክም።

ይህንን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። አባቴ ከመምጣታቸው ከአንድ ዓመት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ስሄድ አንድ ሰፊ ሜዳ ላይ፣ ሰው ወደ ጠቆመን ቦታ ገብተን አቆምን። ከፊት፣ ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ መኪና ተደረደረብን። ውድድሩ ካለቀ በኋላ ከዚያ ሜዳ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ታሪኩን ለአባቴ ስነግራቸው «መውጫውን ሳታይ ለምን ገባህ?» አሉኝ። የጉዟችን እቅድ የተነሳው ከዚህች ጥያቄ ነው።

ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተን ከመጨረሻው ጀመርን። ወደ ኮሎምበስ ለመመለስ መጀመሪያ ከተማውን የሚዞረውን አውራ ጎዳና 465 መያዝ አለብን። እሱ ደግሞ ከትራኩ በስተ ምዕራብ ያልፋል። ስለዚህ መኪናችን ከትራኩ ምዕራብ መቆም አለባት፤ ስንወጣ ሕዝቡን አቋርጠን ሳይሆን ለሕዝቡ ጀርባችንን ሰጥተን እንድንሄድ። የውድድሩ አዘጋጆች ትራኩ መሀል ባለው ሜዳ ላይም ማቆሚያ ይሸጣሉ፤ ሆኖም ከዚያ የሚወጣው በጥቂት መተላለፊያዎች ስለሆነ ተውነው። ከመሀል ከተማና ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚነሱ አውቶቡሶችም አሉ። ጉልበቱ ጤነኛ ለሆነ ሰው ከሁሉም የሚሻለው እሱ ይመስለኛል። የአባቴ የቀኝ ጉልበት ግን ረጅም ሰልፍ አይችልም፤ ማረፍ ሲፈልጉ የሚገቡበት መኪና ቅርብ መሆን ነበረበት። መቀመጫችንንም በዚያው በምዕራቡ በኩል፣ ጆርጅታውን በሚባለው መንገድ ዳር ገዛሁ። የስፒድዌይ ነዋሪዎች በውድድሩ ዕለት የግቢያቸውን ሣር ለመኪና ማቆሚያ ያከራያሉ። ያሰብነው እዚያ ነበር፤ ጥሬ ገንዘብ ያዝን።

ግንቦት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። በአውራ ጎዳና 70 ወደ 280 ኪሎ ሜትር ተጉዘን አስር ሰዓት ተኩል ላይ ስፒድዌይ ስንደርስ፣ ሰዎች በየደጃፋቸው የእጅ ባትሪ ይዘው ቆመዋል። አባቴ ሦስት ግቢ አሳለፉ። አንዱ ወለሉ ያዘቀዝቃል፣ አንዱ መኪና በመኪና ላይ ይደረድራል፣ አንዱ ደግሞ መውጫው በአጥር የጠበበ ነው። አራተኛው የአንዲት አሮጊት ሴት ግቢ ነበር፤ በረንዳ አለው፣ ሣሩ ደልዳላ ነው። 40 ዶላር ከፈልን። አባቴ ከመኪናው ወርደው ከኋላ ቆሙና የመኪናዋን ጎን በመዳፋቸው እየመቱ «ና… ና… ና… ትንሽ… ያዝ!» አሉ። ለዘመናት ረዳቶቻቸው ለእሳቸው ሲያደርጉት የኖሩትን ለእኔ አደረጉልኝ። መኪናዋ ጀርባዋን ለቤቱ፣ አፍንጫዋን ለመንገዱ ሰጥታ ቆመች።

ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሰማዩን የሚሰነጥቅ የተኩስ ድምፅ ተሰማ። በሮቹ መከፈታቸውን የሚያበስረው እሱ ነው። ወደ ትራኩ ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ ጠርሙስ ግን ክልክል ነው። የቡናው ፔርሙስ ውስጡ ጠርሙስ ስለሆነ መኪናው ውስጥ ተውነው። በዓለ ሃምሳ በመሆኑ ጾም የለም፤ ባለቤቴ የተጠበሰ ዶሮና ድፎ ዳቦ ቋጥራልን ነበር።

መቀመጫችን ላይ ሆነን ስለ ሬይ ሃሩን አጫወትኋቸው። የመጀመሪያውን ውድድር በ1911 ያሸነፈው እሱ ነው። የዚያን ጊዜ ተወዳዳሪዎች ከኋላ የሚመጣውን የሚያይላቸው መካኒክ አጠገባቸው ያስቀምጡ ነበር። ሃሩን ግን ብቻውን ነዳ፤ መኪናው ላይ መስታወት አስገጥሞ ነበር። «ያለ ረዳት፣ በስፖኪዮ!» አሉ አባቴ፤ ቀኑን ሙሉ ደጋግመው አነሱት።

እኩለ ቀን ገደማ ሰማዩ ጠቆረ። መብረቅ የያዘ ዝናብ እየመጣ ስለሆነ መቀመጫችንን ለቀን እንድንጠለል በድምፅ ማጉያ ተነገረን። ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ ጊዜ ተነሳ። የአባቴን ክንድ ይዤ አራት መንገድ ተሻግረን ግቢው ስንደርስ ዶፉ ወረደ። ሴትየዋ በሩን ከፍታ በእጇ ጠራችን። በረንዳዋ ላይ ሁለት ወንበር አወጣችልን። እኔም ፔርሙሱን ከመኪናው አመጣሁ። አባቴ የመጀመሪያውን ቡና የቀዱት ለእሷ ነው፤ ስኳር ጨምረው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው ሰጧት። በቋንቋ ሳይግባቡ ረጅም ሰዓት ዝናቡን አብረው አዩ። በልጅነቷ አባቷ በዚሁ ሣር ላይ መኪና ሲያስቆሙ ታግዛቸው እንደነበር ነገረችኝና ተረጎምኩላቸው። «የአባቷን ሥራ ይዛለች» አሉ።

ትራኩ ደርቆ ውድድሩ የተጀመረው ከቀኑ አስር ሰዓት ከአርባ አራት ላይ ነው፤ ከታቀደው አራት ሰዓት ያህል ዘግይቶ። ስለ ፍጥነቱ ብዙ መጻፍ አልችልም፤ ዓይን ይዞ መከተል አይቻልም። በመጨረሻው ዙር ፓቶ ኦዋርድ እየመራ ሳለ ጆሴፍ ኒውጋርደን ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አለፈውና አሸነፈ። አባቴ ጉልበታቸውን ረስተው ቆመው ነበር።

ስንመለስ መሽቷል፣ ሣሩም ርሷል። በጎረቤት ግቢዎች አፍንጫቸውን ወደ ቤት አድርገው የቆሙ መኪኖች በኋላ ማርሽ ለመውጣት ጎማቸው ጭቃው ላይ ይሽከረከራል። የእኛ በአንድ ትንፋሽ አስፋልት ያዘች። አውራ ጎዳና 465 ላይ ለመውጣት የፈጀብን 35 ደቂቃ ብቻ ነው። ከመሄዳችን በፊት ግን አባቴ «ቁም» አሉኝ። ወርደው ወደ ግቢው ተመለሱ። ጎማዎቻችን ሣሩ ላይ ሁለት ጥልቅ መስመር ጥለው ነበር። ሴትየዋ ከበረንዳው «ይተውት፣ ግድ የለም» እያለች ትጣራለች። አባቴ አንድ እጃቸውን በአጥሩ ደግፈው፣ በደህናው እግራቸው፣ የተነሳውን ሣር አንድ በአንድ እየረገጡ ወደ ቦታው ይመልሱ ነበር።