ስሜንን በመስከረም መጨረሻ የሚያይ ሰው ሰዓቱን ለአስጎብኚ አይስጥ

ስለ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተጻፉ መምሪያዎች አብዛኞቹ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ወቅት ይመክራሉ። ገደሉንና ሸንተረሩን አጥርቶ ለማየት ልክ ናቸው። አበባና አራዊት ለማየት ግን ፈጽሞ አልስማማም። በታኅሣሥ ሣሩ ደርቆ፣ አደይ አበባው ረግፎ ነው የምትደርሱት። እኔ የሄድኩት በ2012 ዓ.ም. ከመስቀል በኋላ ነው፤ ዛሬም ምረጥ ብባል የምመርጠው ያንኑ ጊዜ ነው።

ዝግጅቱ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ጎንደር ላይ ከአንድ አስጎብኚ ድርጅት ጋር ተዋዋልኩ፤ መኪናውና መንገድ መሪው ከእነርሱ ነበሩ። የፓርኩ መግቢያ በሆነችው ደባርቅ ከተማ የመግቢያው ተከፈለ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) ተመደበልን፣ ባለበቅሎው ጓዙን ጫነ።

የተበላሸው መነሻ ሰዓቱ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ተራራው የሚከፈተው ጠዋት ብቻ ነው። ረፋዱ ላይ ከቆላው የሚነሣው ሞቃት አየር ገደሉን ታክኮ ይወጣል፣ ሲቀዘቅዝ ጭጋግ ይሆናል፣ ከቀትር በኋላ ዝናብ ወይም በረዶ ይጥላል። ጭላዳ ዝንጀሮም ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ወደ ሜዳው የሚወጣው ጠዋት ነው። ይህን አስቀድሜ ስለማውቅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከጎንደር እንድንነሣ ጠየቅሁ። ተስማሙ። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በጊዜ እንደርስ ነበር።

መኪናው የመጣው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው። ሌሎች ደንበኞች ቁርሳቸውን እስኪጨርሱ ሲጠብቅ ነበር። ኃላፊው ዘንድ ስደውል፣ «ፕሮግራማችን እንደዚህ ነው፤ ዝንጀሮው የት ይሄድብሃል?» አለኝ። ያ ፕሮግራም ለጥር የተሠራ ነው! በጥር ቀኑን ሙሉ ሰማዩ ጥርት ያለ ስለሆነ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢባክን ጉዳት የለውም። በመስከረም ግን የባከነው ጠዋት ቀኑን ይዞ ይሄዳል። ይህንን ለማስረዳት ያልሞከርኩት መንገድ የለም፤ ሰውየው የሚሰማው የጠፋ ሰዓት እንጂ የጠፋ ቀን አልነበረም።

ፓርኩ ውስጥ ቡይት ራስ ወደሚባለው ቦታ ስንደርስ ከአምስት እርምጃ ወዲያ የሚታይ ነገር አልነበረም። የጭላዳዎቹ ድምፅ በቅርብ ይሰማል፣ ሣር ሲነቀል እንኳ ይሰማል፣ ዓይን የሚያርፍበት ግን ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ወዲያው በረዶ ወረደ። መሪው «ነገ ታያለህ» ብሎ አንገቱን ደፍቶ ወደ ማደሪያችን ሳንቃበር ገሰገሰ። በኋላ የዚያን ቀን ሂሳብ ይቀነስልኝ ብል፣ የአየር ጠባይ ውል ውስጥ የለም ተባልኩ። እኔ የከሰስኩት አየሩን ሳይሆን ሰዓቱን ነበር። እስካሁን ያናድደኛል።

ማታውኑ ወደ ስካውቱ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ነገ በማለዳ ማን ይወስደኛል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ያደሩበትን ገደል እኔ አውቀዋለሁ፤ ፀሐይ ሳትመታው እንድረስ» አሉ። መሪው ቁርስ አልደረሰም ብሎ አጉረመረመ። ዳቦና ቆሎ በኪሳችን ይዘን 12 ሰዓት ላይ ወጣን።

መጀመሪያ ከገደሉ አፋፍ አንድ እጅ ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ግልገሏን ጀርባዋ ላይ ያዘለች እናት። ጥቂት ቆይቶ ሜዳው ሞላ። ቁጢጥ ብለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሣሩን ነጠላ በነጠላ ይነቅላሉ፤ መዳፋቸው ሲሞላ ወደ አፋቸው ይልካሉ፤ ሳይነሡ በመቀመጫቸው ፈቀቅ ብለው ይቀጥላሉ። ከዝንጀሮ ወገን ዛሬ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተው እርሱ ብቻ ነው። ወንዱ ጋማውን ንፋስ ሲገልጠው ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ራቁት ቆዳ ይታያል። በመካከላቸው አደይ አበባው ጤዛ ተሸክሞ ቆሟል፤ ከታች ቢጫ፣ ከላይ ቀይ ሆኖ እንደ ችቦ የሚቆመውም አበባ በየዳገቱ ነበር። ግጭ ወደሚባለው ከፍታ ስንወጣ ከጓሳው ሣር በላይ ጅብራው ይታያል፤ ለዓመታት አድጎ፣ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞት ተክል ነው። የጅንባር ፏፏቴም ክረምቱን ጠጥቶ ሙሉ ነበር፤ በደረቁ ወራት የሚሄድ ሰው ቀጭን ውኃ ያያል። ዋልያንም ጨነቅ በተባለው ቦታ ያየሁት እንዲሁ በማለዳ በመውጣት ነው።

ስለዚህ መሄድ ለሚያስብ፦ የመንገዱን ጸጥታ አስቀድማችሁ አጣሩ። ጎንደር ሳይሆን ደባርቅ እደሩ። መነሻ ሰዓቱ በውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፣ ግማሹን ክፍያ ስትመለሱ ስጡ። የት እንደሚታደር መሪውን፣ ምን የት እንደሚገኝ ደግሞ ስካውቱን ጠይቁ። ጓዙን በቅሎ ላይ ከመጫናችሁ በፊት በላስቲክ ጠቅልሉት። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲመታ ደግሞ ድንኳን ውስጥ አትተኙ፤ 10 ሰዓት አካባቢ ጭጋጉ አንዳንዴ ይገፈፋል፣ ጭላዳዎቹም ወደ ገደላቸው የሚመለሱት ያኔ ነው።