ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃል

የአንደኛው ሴሚስተር ካርድ የሚሰጥበት ሰሞን ነው። በአዲስ አበባ ዳር ባሉት በኮዬ ፈጬም በቱሉ ዲምቱም የኮንዶሚኒየም ብሎኮች መካከል አሁን «ስንተኛ ወጣህ?» የማይባል ልጅ የለም። ጥያቄው ክፋት የለበትም። የሚያሳስበኝ ለብዙ ልጆች ከወላጅ የሚመጣ ሌላ ጥያቄ አለመኖሩ ነው። ከከተማው ዳር የሚኖር ወላጅ ልጁ ሳይነቃ ወደ ታክሲ ሰልፍ ይወጣል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት አልፎ ይገባል። በተረፈችው ግማሽ ሰዓት «አጠናህ? ጨረስክ?» ብቻ ከተባለ ልጁ የራሱን ዋጋ ከደብተሩ ውጪ የሚያገኝበት ቦታ ያጣል።

ከ7 እና 8 ዓመት ጀምሮ ደግሞ ይብሳል። ከዚያ በፊት ሕፃን «እኔ ጎበዝ ነኝ» ካለ ጎበዝ ነው፣ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ግን ራሱን ከእኩዮቹ ጋር ማስተያየት ይጀምራል። ብዙ ወላጅ ይህን የሚያክመው በሙገሳ ነው፦ «አንተ እኮ ብልህ ነህ፣ እንዳንተ ያለ የለም»። አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1998 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ ባሳተሙት ጥናት፣ ጥያቄ ሠርተው «ብልህ ነህ» የተባሉ የ5ኛ ክፍል ልጆች ከበድ ያለው ሲገጥማቸው፣ «በርትተህ ሠርተሃል» ከተባሉት ቀድመው ተስፋ ቆርጠዋል። ለሌላ ልጅ ውጤታቸውን ሲጽፉም ከፍ አድርገው የዋሹት «ብልህ ነህ» ከተባሉት ወገን በዝተዋል። ብልህ የተባለ ልጅ ሲሳሳት ስሙን የተቀማ ይመስለዋልና።

በራስ መተማመን ሥር የሚይዘው ቤቱ በሚፈልገው ሥራ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት እዚህ ላይ አልቀበልም፤ ለራት የሚበቃውን መጠን መስጠት የእኛ ፋንታ ነው። ለ6 ዓመት ልጅ ምስር መልቀም ግሩም ሥራ ነው። በምስር ክክ ይጀመር፣ በቀዩ ላይ ጠጠሩ ይለያል። ግማሽ ኪሎውን በአንዴ አይሰጡም፤ አንድ የሻይ ብርጭቆ ሰፌድ ላይ ዘርግፎ 10 ደቂቃ ያህል ይበቃል። መጀመሪያ እርስዎ ሲለቅሙ ያያል፣ ቀጥሎ አብራችሁ፣ ከዚያ እሱ ሲለቅም እርስዎ ዝም ብለው ያያሉ፣ በመጨረሻ ትተውት ይሄዳሉ። ከ4 ዓመት በታች ላለ ግን ምስር አይሰጥም፤ አፍንጫውና ጆሮው ውስጥ ይከተዋል። እሱ ጫማ ይደርድር፣ ማንኪያ ያቀብል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ብሎክ የ7 ዓመት ልጅ በ3 ሊትር ጀሪካን ይቅዳ፣ 20 ሊትሩን አይንካ። በ9 እና 10 ዓመት ከሱቅ ዳቦ ገዝቶ መልሱን ቆጥሮ ያምጣ።

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በእኛ ነው። ልጁ እያየ የለቀመውን መልሰን እንለቅማለን። በዚያች ቅጽበት «ያንተ አይቆጠርም» ብለነዋል። ጠጠር ጥርስ ላይ ሲገኝ «ማነው የለቀመው?» አይባልም፤ በማግስቱ መጠኑን ቀንሶ እንደገና መስጠት ነው። ሥራ ቅጣት ከሆነ ደግሞ ልጁ ይጠላዋል። ሁሉ ነገር በሴቷ ላይ ከወደቀ እሷ ትደክማለች፣ ወንድሟም አልፈለጉኝም ይላል። ሲያመሰግኑም ያዩትን ይናገሩ፦ «ዛሬ ሦስት ጠጠር አወጣህ፣ ራታችን ደህና ሆነ»።

ካርዱም በዚሁ መንገድ ይታይ። እንግዳ በሌለበት ይቀመጡ፣ አንድ ትምህርት ይምረጡ፣ ከራሱ ካለፈው ውጤት ጋር ብቻ ያስተያዩ። ሒሳብ ከ54 ወደ 61 ከወጣ ምን አድርጎ እንዳወጣው ይጠይቁት። ደረጃው ወርዶ ቢሆን እንኳ መልሱ ውስጥ የሚያዝ ነገር ይገኛል።

አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወደ ሜዳው የሚወርድ ስድብ። «አንተ ደደብ፣ ና ግባ!» ሲባል የሚሰማው እሱ ብቻ አይደለም፤ ኳስ የሚጫወተው ሁሉ ይሰማል፣ በማግስቱም መጠሪያው ሊሆን ይችላል። ደረጃ ወርዶ በጆሮው መናገር ጉልበት ይጠይቃል፣ ግን ዋጋ አለው።

ማንነትን በተመለከተ፣ እዚህ ዳር ላይ ከመሀል ከተማ የመጣው ልጅ፣ ከክፍለ ሀገር የመጣውና የነባሩ ገበሬ ልጅ በአንድ ዴስክ ይቀመጣሉ። «አንተ ምንድን ነህ?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ስማችን የአባትን መስመር ብቻ ይዞ ስለሚሄድ የእናት ወገን ሳይነገር ይጠፋል። ሰባት ቤት ከመቁጠር በፊት በሁለቱም ወገን እስከ ሦስት ትውልድ ስም፣ የትውልድ ቦታና ሥራ በወረቀት ይጻፍ። አያት ነግዶ የከሰረበትና እንደገና የተነሳበት ታሪክም አይደበቅ፤ ልጁ ሲወድቅ የሚይዘው እሱን ነው። «በእናቴ ወላይታ፣ በአባቴ ኦሮሞ ነኝ፣ ያደግኩት ኮዬ ነው» የሚል አጭር መልስ ቤት ውስጥ ደጋግሞ ይበል፤ አንዱን ምረጥ አይባልም። ባልና ሚስት ሲጣሉም «ቁርጥ የእናትህን ወገን» የምትለዋ ቃል ከአፍ አትውጣ፤ ልጁ የራሱ ግማሽ ሲሰደብ ይሰማል። እሑድ እሑድ ለአያቱ ስልክ ደውሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ በእሱ ዕድሜ ምን ሥራ ነበረባቸው?