ሾናና እንግሊዝኛ በሃራሬ ሚኒባስ ውስጥ

በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሃራሬ የመጀመሪያ ሌሊቴ መጥፎ ነበር። መብራት ጠፋ። የእንግዳ ማረፊያው ጄኔሬተር የተተከለው ከመስኮቴ ሥር ነው። እስከ ንጋት ሲያጓራ አደረ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ለዚያች ሌሊት የተጠየቅኩት ዶላር እስካሁን ይቆጨኛል።

ጠዋት ግቢው ውስጥ የሚጠርጉ አንዲት እናት መዳፋቸውን ቀስ አድርገው አጨበጨቡና “ማራራ ሴይ?” አሉኝ። ብዙው የአገሩ ሰው በሚናገረው በሾና ቋንቋ እንዴት አደሩ ማለት ነው። መልሱንም ራሳቸው አስተማሩኝ፦ “ንዳራራ ካና ማራራዎ”። እርስዎ በደኅና አድረው ከሆነ እኔም አድሬያለሁ። ንዴቴ በረደ። እኛም ሰላምታችን ስለ አዳር ነው፤ እንዲህ ያለ መልስ ግን የለንም።

ወደ መሀል ከተማ የሄድኩት በሚኒባስ ነው። እነሱ ኮምቢ ይሉታል። ወያላውን ደግሞ ሁዊንዲ። ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሠርግ ያወሩ ነበር። ሾና ባልችልም ግማሹን የተረዳሁ መሰለኝ። እንግሊዝኛው በየመሀሉ ብቅ ይላል። አንዷ “ንዳካኤንጆያ!” አለች። ይህን ቃል እስክወርድ ድረስ ሳመላልሰው ነበር። እኛ አዲስ አበባ ላይ “ኢንጆይ አደረግኩ” እንላለን። የእንግሊዝኛውን ቃል እንዳለ እንተወዋለን፤ ሥራውን የሚሠራው “አደረገ” ነው። ሾና ግን ቃሉን ራሱን ያረባዋል። “ንዳካ” ማን እንዳደረገና ጊዜው እንዳለፈ ይናገራል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው “አ” ደግሞ የሾና ግስ የሚዘጋባት ድምፅ ናት። ብዙ ቁጥርም እንዲሁ ነው። “ማቲኬትስ” ይላሉ፤ “ማ” ከሾና፣ “ስ” ከእንግሊዝኛ፣ ሁለቱም ብዙ ቁጥር። ዋጋና ሰዓት ሲመጣ ግን ቁጥሩ ሁሉ እንግሊዝኛ ይሆናል። ይህን ንግግር የተበላሸ ሾና የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ሰዋስው የማያውቅ ሰው እንዲህ አድርጎ መቀላቀል አይችልም።

ስንወርድ የመልስ ነገር መጣ። የምንገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው፤ ሳንቲም ግን የለም። እኔና አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ሴት ለ50 ሳንቲም መንገድ አንድ አንድ ዶላር ሰጥተናል። ወያላው አንዲት የአንድ ዶላር ኖት ለሁለታችን አስጨብጦን ሄደ። ተካፈሉ ማለቱ ነው። ግራ ገባኝ። ሴትዮዋ “ቼንጂ፣ ቼንጂ” እያሉ ሳቁና እጄን ይዘው ወደ አንዲት ሙዝ ሻጭ ወሰዱኝ። በዶላሯ ሙዝ ገዝተው እኩል አካፈሉን። የእኔ ድርሻ ላይ አንድ ጨመሩበት። ልመልስ ብል አልሰሙኝም።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት በሥራ አለፉ። አንድ ምሽት አንድ የሥራ ባልደረባ እራት ጋበዘኝ። ሳድዛ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ በጎመን፣ ሥጋም አለው። ገንፎ ለለመደ ሰው ሳድዛ አይከብድም። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው። ልጃቸው የምትማረው ውድ የግል ትምህርት ቤት ነው። አያቷ ከማስቪንጎ አካባቢ መጥተዋል፤ የሚናገሩት ካራንጋ የሚባለውን የሾና ዘዬ ነው። አያት በሾና ይጠይቃሉ፤ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ከሁለት ሦስት ጥያቄ በኋላ አያትየው መጠየቅ ተዉ። እንዲህ ያሉትን ልጆች ሰዉ “ማሳላድ” እያለ ይቀልድባቸዋል። እኔ መቀለድ አልቻልኩም። ቦሌ አካባቢ በዘመዶቼ ቤት ያንኑ አይቻለሁ፤ አያት ከገዛ የልጅ ልጃቸው ጋር በአስተርጓሚ ያወራሉ።

ዚምባብዌ ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ከክፍል አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2013ቱ ሕገ መንግሥት 16 ቋንቋዎች እውቅና አግኝተዋል፤ ሾናም እንግሊዝኛም አሉበት። ወላጅ ግን ገንዘቡን የሚያወጣው እንግሊዝኛ ለሚያስተምረው ትምህርት ቤት ነው። አልፈርድበትም፤ እንጀራ አለበት። ኮምቢ ውስጥ ያሉት ሴቶች ለሾና አያሰጉም። ቀላቅለውም ቢሆን ይናገሩታል። እኔን ያሰጋኝ ያ የእራት ጠረጴዛ ነው። ለባልደረባዬም ይህንኑ ነገርኩት። “እናቴም የምትለኝ ይህንኑ ነው” አለኝ፤ ወሬውንም አልቀየረም። እስከ እኩለ ሌሊት አወራን።

በመጨረሻው ቅዳሜ ታላቁ ዚምባብዌ የሚባለውን ጥንታዊ የከተማ ፍርስራሽ አየሁ። ያለ ጭቃና ያለ ኖራ የተደረደረው የድንጋይ ግንብ የራሱ ጽሑፍ ይገባዋል። የምትሄዱ ከሆነ የአንድ ዶላር ኖቶች በብዛት ያዙ። ንጹሕ ይሁኑ፤ የተቀደደ ኖት ብዙ ሻጭ አይቀበልም። ክፍል ከመያዛችሁ በፊትም ጄኔሬተሩ የት እንዳለ ጠይቁ።