ፔናልቲ የሚቆጥረው ፕሮፌሰር
ዛሬ ከሥራ ስመለስ የሰፈር ልጆች ፔናልቲ ሲመቱ ቆሜ አየሁ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው። በረኛው የታላቅ ወንድሙን ጃኬት ለብሷል መሰለኝ፣ እጅጌው ከጣቱ አልፎ ተንጠልጥሏል። አንዱ ልጅ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ወደ ግራ መታ። በአራተኛው በረኛው ቀድሞ ተወርውሮ ያዘበት። "ተነቃብህ!" ብለው ሳቁበት።

እኔ ትዝ ያለኝ ኢግናሲዮ ፓላሲዮስ ሁዌርታ ነው። በለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ የሚያስተምር የባስክ ሰው ነው። ሌላው ኢኮኖሚስት በዋጋ ግሽበት ሲጨነቅ እሱ ፔናልቲ ይቆጥራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተመው ጥናት 1,417 ፔናልቲ መርምሯል። የሒሳብ ሊቁ ቮን ኖይማን እ.ኤ.አ. በ1928 ስለ ሁለት ተጋጣሚዎች ጨዋታ በሒሳብ ያረጋገጠው ነገር ሜዳ ላይ ይሠራል ወይ ብሎ ነው የተነሳው። ይሠራል። ጎበዝ መቺ ግራና ቀኙን የሚያፈራርቀው በረኛው እንዳይገምተው አድርጎ ነው፤ በየትም በኩል ቢመታ የማግባት ዕድሉ እኩል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ከሞስኮው የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ በፊት የፕሮፌሰሩ ምክር ቸልሲ ደርሶ ነበር። በመለያ ፔናልቲው አብዛኞቹ የቸልሲ መቺዎች ወደ ማንቸስተር ዩናይትዱ በረኛ ወደ ቫን ደር ሳር ግራ መቱ። የቸልሲው አኔልካ ተራ ሲደርስ በረኛው በእጁ ወደ ግራው ጠቆመ። "ወደዚህ ነው አይደል?" ያለው ይመስላል። አኔልካ ሐሳቡን ቀየረ፣ ወደ በረኛው ቀኝ መታ፣ አዳነበት። ዋንጫው ወደ ማንቼ ሄደ። (ቸልሲ ነኝ፤ እስከ ዛሬ ያመኛል።)

እኔም የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ኳስ እያዩ ፕሮፌሰር መሆን እንደሚቻል ያኔ ማን በነገረኝ!

ልጁ አምስተኛውንም ወደ ግራ መታ። በረኛው "አሁንስ ይቀይራል" ብሎ ወደ ቀኝ ወድቆ ነበር።