በኪራይ መኪና ስትጋጩ፦ ፕላን ሳይነሳ ጎማ አይንቀሳቀስ

መኪና ተከራይቶ የተጋጨ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለአከራዩ ነው። ችኩል አከራይ ደግሞ «መንገድ እንዳትዘጋ፣ ወደ ዳር አውጣውና መጣሁ» ይላል። ይህን ምክር አትስሙ። መጀመሪያ ሃዛርድ አብሩ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ አስቀምጡ፤ ከዚያ 991 ደውላችሁ ትራፊክ ፖሊስ አስጠሩ፤ ፕላን፣ ማለትም ቦታው ተለክቶ የሚሳለውን የአደጋ ንድፍ፣ የሚያነሳው እሱ ነው። የተጎዳ ሰው ካለ ግን ከሁሉ በፊት 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ።

ፕላኑ ይህን ያህል የሚያስፈልገው በሕጉ ምክንያት ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጥርና የጉዳቱን ድምር ግማሽ ግማሽ ያካፍላቸዋል። ከዚህ የሚያወጣችሁ ጥፋቱ በሙሉ ወይም በአብዛኛው የሌላው አሽከርካሪ መሆኑ ከታየ ነው፤ ዋናው ማሳያ ደግሞ የትራፊኩ ፕላን። የጎማው አቋም፣ የፍሬን ምልክቱ፣ የመስታወት ስብርባሪው የወደቀበት ቦታ ሁሉ በሜትር ይለካል። መኪናው ከተነሳ የሚለካ ነገር የለም፤ ትራፊኩ የሚይዘው የሁለታችሁን ቃል ብቻ ነው። የተጎዳ ሰው ለማውጣት ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ አራቱም ጎማዎች የቆሙበትን በጠመኔ ወይም በድንጋይ ምልክት አድርጉና ፎቶ አንሱ። ፎቶው ሁለቱን ሰሌዳዎች፣ የመንገዱን መስመርና አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ለምሳሌ የመብራት ምሰሶ፣ አንድ ላይ ያሳይ። የተመታውን ቦታ ብቻ አቅርቦ የተነሳ ፎቶ ጋራዥ እንጂ ኢንሹራንስ አይጠቅመውም።

መንገደኛው ይሰበሰብና «እዚሁ ተስማሙ» ይላል። በራሳችሁ መኪና ከሆነ እንደፈለጋችሁ። በኪራይ መኪና ግን የምትስማሙበት መብት የባለንብረቱና የኢንሹራንሱ ነው። 5,000 ብር ተቀብላችሁ «ጥያቄ የለኝም» ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ኢንሹራንሱ ከዚያኛው ወገን ሊያስመልስ የሚችለውን ዘግታችሁበታል፤ ሒሳቡ ዞሮ እናንተ ላይ ይመጣል። ከቦታው ሳትለዩ የጣቢያውን ስም፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የሌላውን አሽከርካሪ መንጃ ፈቃድና የሶስተኛ ወገን ስቲከር በፎቶ ያዙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላው ነገር መኪናውን እየነዱ ወደ ጋራዥ መውሰድ ነው። ፓራውልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ኮፈኑ ቢዘጋም፣ ራዲያተሩ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ጎንበስ ብላችሁ ከሞተሩ ሥር እዩ። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ውኃ ጠብ ጠብ ካለ ሞተሩን አጥፉ፤ እንደገናም አታስነሱት። በዚያ ሁኔታ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ ሙቀቱ ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ያጣምመዋል፣ ከሥሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ይበላል። ፓራውልቱና ራዲያተሩ የግጭቱ ጉዳት ናቸው፤ ሞተሩ ግን ከግጭቱ በኋላ በመነዳቱ የመጣ ስለሆነ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ስለዚህ በክሬን አስነሱት፤ የክሬኑ ደረሰኝ ከኢንሹራንሱ አብሮ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። «ሙሉ ኢንሹራንስ አለው» የሚለው ቃል ብቻውን ምንም አይደለም። ቁልፍ ሳትቀበሉ የፖሊሲውን ገጽ አስከፍቱና የአገልግሎት ዓይነቱን አንብቡ። «ለግል» የሚል ከሆነና መኪናው በኪራይ ላይ ሳለ ከተጋጨ፣ ኢንሹራንሱ ውድቅ ለማድረግ በቂ ምክንያት አግኝቷል። ኮድ 2 መኪና በጓደኛ በኩል በርካሽ መከራየት እዚህ ላይ ነው የሚያስከፍለው። ቀጥሎ የአሽከርካሪው ጉዳይ ነው፦ ውሉ ላይ ስሙ የሌለ ሰው፣ ወይም የመንጃ ፈቃዱ ደረጃ ለመኪናው የማይበቃ ሰው ይዞት ከተገኘ ያው ነው። ለበዓል ከውጭ የምትመጡ ደግሞ የያዛችሁትን መንጃ ፈቃድ ኢንሹራንሱ የሚቀበለው መሆኑን ከአከራዩ በጽሑፍ ተቀበሉ፤ የቃል ማረጋገጫ በክሌም (የካሳ ጥያቄ) ቀን አይገኝም። የመድን ዋጋውም ይታይ። ገበያው 3 ሚሊዮን የሚያወጣ መኪና በ1.5 ሚሊዮን ከተመዘገበ፣ ብዙ ፖሊሲዎች ጉዳቱን በዚያው ልክ፣ ማለትም ግማሹን ብቻ ይከፍላሉ።

ሙግት የሚያስነሳው ግን ጥገናው ሳይሆን መኪናው የቆመበት ቀን ነው። ፖሊሲው ላይ ኤክሰስ፣ ማለትም ከጥገናው ላይ ኢንሹራንሱ የማይሸፍነው ድርሻ፣ «10 በመቶ ወይም 10,000 ብር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው» ቢል፣ ለ60,000 ብር ጥገና የምትከፍሉት 6,000 ሳይሆን 10,000 ነው። ይህ ይቻላል። ፕሮፎርማ ተሰብስቦ፣ ገማች አይቶት፣ የፊት መብራት ተፈልጎ መኪናው 40 ቀን ጋራዥ ቢቆምና ኪራዩ በቀን 5,000 ብር ቢሆንስ? 200,000 ብር። ይህን ኢንሹራንሱ አይከፍለውም፤ አከራዩ ከመያዣችሁ ወይም ከዋሳችሁ ይጠይቃል። ስለዚህ ስትዋዋሉ ጣሪያ አስገቡ፣ ለምሳሌ «የቆመበት ኪራይ ከ10 ቀን አይበልጥም»። ቁጥሩ በድርድር ነው። አንቀጹ ጭራሹን ከሌለ ግን መደራደሪያ የላችሁም።

መኪናው ከተሰረቀ ቅድሚያ ለአከራዩ ደውሉ፤ ጂፒኤስ ካለው እያንዳንዱ ደቂቃ ዋጋ አለው። ወዲያው ባቅራቢያው ፖሊስ ጣቢያ አመልክቱ። ኢንሹራንሱ ቁልፎቹን ይጠይቃል፦ የናንተንም፣ አከራዩ ቤት ያለውንም። ቁልፉ መኪናው ላይ ቀርቶ ከነበረ እንደ ቸልተኝነት ይቆጠራል። ተከራዩ ራሱ ይዞት ከጠፋ ግን ነገሩ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 እምነት ማጉደል እንጂ ስርቆት አይደለም፤ ተራ የስርቆት ሽፋን ብዙ ጊዜ አይደርስለትም። አከራዮች ዋስ ላይ ድርቅ የሚሉት በዚህ ነው፣ አይፈረድባቸውም።

የስፖኪዮና የስኮርታ ስርቆት ብዙ ጊዜ ከኤክሰሱ በታች ስለሚወድቅ ከኪሳችሁ ነው። ለዚህ መከላከያው የርክክብ ቪዲዮ ነው፦ በቀን ብርሃን፣ መኪናውን ዞራችሁ፣ ቸርኬውን፣ የፓራውልቱን ሥር፣ የፊት መስታወቱን፣ ኪሎ ሜትሩንና ነዳጁን፣ ከዚያ ፖርቶባጋሊዮውን ከፍታችሁ ስኮርታውንና ክሪኩን። ስትመልሱም ያንኑ ቪዲዮ አከራዩ አጠገባችሁ ቆሞ ድገሙት።