አንዷ ስታፋ የት ሄደች?

2010 ላይ ለኢንተርንሺፕ ሳይት ስወጣ የሄልሜቴ ስቲከር እንኳን አልተላጠም ነበር። ያን ያህል አመት ስትራክቸር ተምሬ፣ ኢታብስ የሚባለውን ሶፍትዌር ከፍቼ ቢም ዲዛይን አድርጌ ምናምን፣ "ፎርምወርኩ መቼ ይፈታል?" ስል ግን አናጺዎቹ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁብኝ። ካሳፎርማ ነው እኮ፣ ኮንክሪቱ እስኪጠነክር የሚይዘው ቅርጽ። ፌሮ፣ ሶሌታ፣ ካሳፎርማ፣ የሳይት ቋንቋ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው፣ ክላስ ውስጥ ማንም አልነገረኝም።

ፎርማኑን ሁሉም ጋሼ ነው የሚለው። በሁለተኛው ቀን "አንቺ ልጅ፣ ለዚህ ፎቅ ኮለን ስታፋ ስንት ይቆረጥ?" አለኝ። ስታፋ የኮለኑን (የምሰሶውን) ቋሚ ፌሮዎች ዙሪያቸውን የምታስረው ቀለበት ናት። ቀላል ነው ብዬ የኮለኑን 3 ሜትር በስታፋዎቹ መሃል ላለው 15 ሳንቲ አካፈልኩ፣ 20፣ በ24 ኮለን 480 አልኩት። ፌራዮው (ፌሮ ሰራተኛው) ቆርጦ አጥፎ ማሰር ሲጀምር እያንዳንዱ ኮለን ላይ አንድ አንድ ጎደለ። ጋሼ አልተቆጣም፣ "የመጀመሪያዋን የት ጣልሻት?" ብቻ። 20 ክፍተት ካለ 21 ስታፋ ነዋ! ዛሬም ቴክኦፍ ስሰራ፣ ማለትም ከፕላን ላይ የስራ መጠን ሳወጣ፣ ያቺ አንዷ ስታፋ ትጮህብኛለች።

ከዛ በኋላ ሳይት ቡኩን፣ የሳይቱን የቀን ውሎ መዝገብ፣ እኔ እንድጽፍ ሰጠኝ። ዝናብ ስንት ሰአት ጀመረ ስንት ሰአት አባራ፣ ስንት ከረጢት ሲሚንቶ ገባ፣ ስንት የቀን ሰራተኛ መጣ፣ ሚክሰሩ ለምን ቆመ፣ ማታ ማታ ስራውን የሚቆጣጠረው የኮንሰልታንቱ (የአማካሪው) ሱፐርቫይዘር ይፈርምበታል። እውነቱን ለመናገር እንደ ቅጣት ነበር የቆጠርኩት፣ ሌሎቹ ኢንተርኖች የኮንክሪት ሙሌት ላይ ቆመው ፎቶ ሲነሱ እኔ የጸሀፊ ስራ።

ተመርቄ ሌላ ድርጅት ሳይት ኢንጂነር ሆኜ ገባሁ (ለሴት ሽንት ቤት የሌለበት ሳይት ላይ፣ እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ)፣ ቀጥሎ ኦፊስ ኢንጂነር፣ ማለትም ከሲሚንቶ አቧራ ወደ ወረቀት አቧራ። 2014 ላይ ሲሚንቶ ጠፋ፣ የዛን ጊዜ ሳይት ላይ የነበረ ያስታውሳል፣ ገንዘብ ይዘህ ወረፋ ትጠብቃለህ። ስራው ዘገየ፣ ባለቤቱ ቅጣት መቁጠር ጀመረ፣ ውላችን ላይ በቀን ከሺህ አንድ ነው እስከ 10 ፐርሰንት። የጊዜ ማራዘሚያ ስንጠይቅ ኮንሰልታንቱ "ማስረጃ?" አለ። የዚህኛውን ሳይት ሳይት ቡክ አወጣሁለት፣ በየቀኑ "ሲሚንቶ አልገባም፣ ሙሌት የለም" ይላል፣ ከስሩ የራሱ ሱፐርቫይዘር ፊርማ። ከጠየቅነው 96 ቀን 71ዱን ሰጡን። ፕሮጀክት ማናጀር ያደረገኝ ምንድነው ብትሉኝ ያቺ ደብተር ናት፣ ዲግሪዬ አይደለም።

ሹመቱ የመጣው ሰኔ 2016 ነው። ሐምሌ 22 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ተባለና በሳምንቱ የፌሮ አቅራቢያችን ደውሎ "እህቴ፣ ያ ፕሮፎርማ አይሰራም" አለኝ፣ ግማሹን ከፍለን ነበር ግማሹን አልከፈልንም። በዛ ሳምንት በደንብ የተኛሁ አይመስለኝም። ድሮ የሚያስፈራኝ የኪዩብ (የኮንክሪት ናሙና) ጥንካሬ ውጤት ነበር፣ የ7 ቀኑ ዝቅ ብሎ ሲመጣ 28 እስኪደርስ ሆዴ ይገለባበጣል። አሁን የሚያስፈራኝ ቅዳሜ ነው። የቀን ሰራተኛ በየ15 ቀኑ ቅዳሜ ነው የሚከፈለው፣ ለሰራነው የምንጠይቅበት ክፍያ ሰርተፊኬታችን ግን የሰው ጠረጴዛ ላይ ይከርማል። ባሬላ የተሸከመ ሰው "ፔይመንት አልጸደቀም" ብትሉት ምን ይገባዋል፣ ደግሞስ ለምን ይግባው፣ እሱ ስራውን ሰርቷል። እናቴ "አለቃ ከሆንሽ ለምን ትከሺያለሽ?" ትለኛለች።

ባለፈው ጋሼን ደወልኩለት፣ ጡረታ ልወጣ ነው ብሎ ሁለት አመቱ፣ አሁንም ሳይት ላይ ነው። ማናጀር ሆንኩ አልኩት። "ቅዳሜ ከፈልሽ?" አለኝ። ከፍያለሁ አልኩት፣ ሰኞ ቢሆንም።