በሐምሌ ገብርኤል ዋዜማ የልጄን እስትንፋስ የጠበቀ አምላክ ይመስገን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ያን ሌሊት የተሳልኩት ሁለት ነገር ነው። አንዱ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ነበር፤ አስገብቻለሁ። ሌላው «ልጄን ካተረፍክልኝ ያደረግህልኝን አልደብቅም» ያልኩት ነው። ዛሬ የምጽፈው እሱን ለመክፈል ነው። ዳዊትም «እግዚአብሔርን የምትፈሩ ሁሉ፣ ኑ፣ ስሙኝ» ብሏልና ስሙኝ።

ልጄ የቤዝቦል ካቸር ነበር። ቤዝቦል ለማታውቁ፣ ካቸር ማለት ፒቸሩ የሚወረውራትን ኳስ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚቀበለው ነው። ፒቸሩ ከሚቆምበት እስከ መቺው ቦታ ርቀቱ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲም ነው። ኳሷ ከ142 እስከ 149 ግራም ትመዝናለች፤ እሱ በሚጫወትበት ደረጃ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትበራለች። መቺው በደንብ ካገኛት ወደ ሜዳው ትሄዳለች። ዱላው ጨረፍ ካደረጋት ግን አቅጣጫዋን ስታ የምታርፈው ካቸሩ ላይ ነው። ጭንብሉም፣ የደረት መከላከያውም፣ የቅልጥም መከላከያውም ለዚያ ነው።

ይህን ጨዋታ ቤታችን ያስገባው ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማርልኝ። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር። ናሽናልስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ወደ ከተማው ሲመጣ ጨዋታውን በታክሲው ሬዲዮ ማዳመጥ ጀመረ፤ ልጁ ከፍ ሲል ደግሞ አብረው ማየት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. ሰኔ (ጁን) 8 ቀን 2010 ስቲቨን ስትራስበርግ የሚባለው ወጣት ፒቸር በመጀመሪያ ጨዋታው 14 መቺዎችን ያሰናበተ ዕለት ከተማው በሙሉ ስለ እሱ ነበር የሚያወራው። የእኔ ልጅ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ ዓይኑን የተከለው ግን ኳሷን በሚቀበለው በኢቫን ሮድሪጌዝ ላይ ነበር። ያ ሰው ያኔ 38 ዓመቱ ነው። በካቸርነት 2,427 ጨዋታ ተጫውቶ ነው ያቆመው፤ በትልቁ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ፣ በሜጀር ሊግ ታሪክ የሚበልጠው የለም። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ሆኖ «አየኸው? ሌሎቹ ሁሉ ፊታቸው ወደ እሱ ነው። ሜዳውን ሙሉ ፊት ለፊት የሚያየው እሱ ብቻ ነው» አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ከዚያ ቦታ አልተነሣም።

እኔ ቦታውን አልወደድኩትም። ጣቱ አብጦ፣ ጭኑ በልዞ ሲመጣ ማየት ሰለቸኝ። ቅዳሴ በቆምኩ ቁጥር ጸሎቴ አንድ ነበር፤ «ጌታዬ፣ ከዚህ ጨዋታ አውጣልኝ፣ ትምህርቱን ይያዝልኝ።»

እ.ኤ.አ. በ2020፣ በአሜሪካ የጸደይ ወራት ባለቤቴ በኮሮና አረፈ። ሆስፒታል አልገባሁም፣ እጁን አልያዝኩም። ፍትሐቱ ላይ የቆምነው በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነበርን፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ደጃችን ድረስ መምጣት አልቻለም። በእግዚአብሔር ተቆጣሁ። አላሳምረውም፣ ተቆጣሁ። «ስንት ዓመት ደጅህን ጠንቼ ይሄ ነው መልስህ?» አልኩት። ውዳሴ ማርያም መድገም ተውኩ። ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት እሄዳለሁ፣ ከንፈሬም ይንቀሳቀሳል፣ ልቤ ግን ዝግ ነበር።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደግሞ የሜጀር ሊግ ቡድኖች ወጣቶችን የሚመርጡበት ምርጫ በፊት ከነበረው 40 ዙር ወደ 5 ዙር ተቀነሰ፤ ወጣቶቹ ወደ ሜጀር ሊግ ለማደግ የሚጫወቱባቸው የታችኞቹ ሊጎች ውድድርም ጨርሶ ተሰረዘ። ልጄ ሳይመረጥ ቀረ። «ተመስገን፣ ሰማኸኝ» አልኩ። ግን ሳይመረጡ ለቀሩት በተፈቀደው፣ ከ20,000 ዶላር በማይበልጥ ክፍያ ፈረመ። ስንጨቃጨቅ «እማዬ፣ አባዬ ያየልኝ ቦታ ነው» አለኝ። ምን ልበለው?

አሁን ወደዚያ ሌሊት ልምጣ።

ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 18 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ እሑድ ነው። የገብርኤል በዓል ሰኞ ስለሚውል እኛ እዚህ እሑዱን አከበርን። ታቦቱ ወጣ፣ ሰው እልል አለ፣ እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ። ካህኑ የሕፃኑን የቂርቆስንና የእናቱን የኢየሉጣን ታሪክ አስተማሩ። የፈላው ጋን ሲያስገመግም እናት ፈራች፤ የሦስት ዓመቱ ልጅ ግን «እናቴ ሆይ፣ አትፍሪ፤ ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣ አምላክ እኛንም ያድነናል» አላት። ሰምቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

የልጄ ቡድን በዚያው ሰዓት ወደ ደቡብ፣ ካሮላይና ውስጥ ነበር። በዚያ ዓመት በወጣው ሥርዓት ከማክሰኞ እስከ እሑድ በአንድ ከተማ ይጫወታሉ፣ ሰኞ ያርፋሉ። ስለዚህ እሑድ ጨዋታው እንዳለቀ አውቶቡስ ተሳፍረው ሌሊቱን ወደሚቀጥለው ከተማ ይጓዛሉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዱላ የጨረፋት ኳስ ከጭንብሉ ሥር ገብታ ጉሮሮው ላይ አረፈች። ወደቀ፣ ተነሣ፣ «ደህና ነኝ» አለ፤ ጨዋታውን ጨረሰ። ታጥቦ ሻንጣውን ይዞ አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግሩን አሳረፈ።

የቡድኑ የሕክምና ባለሙያ አውቶቡሱ በር ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ሰው እግዚአብሔር ዘሩን ይባርክልኝ! ልጄ «ውኃ አለህ?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው የሰማው ድምፅ የሚያውቀው ድምፅ አልነበረም። ውኃውን ሰጠው፣ ሲውጥ ፊቱን አየው። «አትሳፈርም» አለው። ልጄ ተከራከረ፤ አሠልጣኙ ሰዓት ያያል፣ ሾፌሩ ሞተር አስነሥቷል። ሰውየው የልጄን ሻንጣ አንሥቶ መሬት ላይ አስቀመጠና አምቡላንስ ጠራ።

እኔ ጋ የተደወለው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የደወለችው ነርስ ናት። ጉሮሮው ውስጥ ያለው አጥንት መሰል ነገር ተሰብሯል፤ ሐኪሙ አንገቱን ሲዳስሰው ቆዳው ሥር ይንኮሻኮሻል፤ አየር ከተሰበረበት እያፈተለከ ሥጋው ውስጥ ገብቷል፤ እብጠቱም የመተንፈሻውን መንገድ እየዘጋው ነው አለችኝ። በአፉ ቱቦ ለማስገባት ስለሚያሰጋ፣ ሳያስተኙት አንገቱን አደንዝዘው ከፊት ሊከፍቱለት ነው። «ይሰማሻል፣ አናግሪው፤ መናገር ግን አይችልም» ብላ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገችልኝ።

ትንፋሹን ሰማሁት። ቀጭን ፉጨት። ይገባል፣ ይቆማል፣ ይወጣል። እናቶች፣ ያን ድምፅ አልረሳውም። አፌ ተሳሰረ። ከዓመት በላይ የዘጋሁት አፍ ሲከፈት የወጣው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ነው። እሱን ብቻ ደጋገምኩ። «አይዞህ» እንኳ አላልኩትም። ነርሷ «ወሰዱት» አለችና ስልኩ ተዘጋ።

የሰንበት ትምህርት ቤት ወንድማችን፣ የባለቤቴ የታክሲ ጓደኛ፣ የዕለት እንጀራውን ትቶ በደቂቃዎች ውስጥ ደጄ ደረሰ። ጎረቤቴ ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ የሥራ ቦታዬን እሷ እንደምትሸፍንልኝ ነገረችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ውለታችሁን እሱ ይክፈላችሁ። 95 አውራ ጎዳናን ይዘን ወደ ደቡብ ከነፍን። ፍሬደሪክስበርግ አለፈ፣ ሪችመንድ አለፈ፣ ስልክ የለም።

እዚያ መኪና ውስጥ ከእግዚአብሔር ጋር ተሟገትኩ። ጮክ ብዬ። ወንድማችን ሬዲዮውን አጠፋና ዝም ብሎ ነዳ። «አባቱን ወሰድክ። ሳልሰናበተው ወሰድክ። አሁን ደግሞ ይሄን? እንግዲያው እኔን ምን ልታደርገኝ ተውከኝ?» አልኩት። ደረቴን እየደቃሁ ነው። ከፒተርስበርግ ወዲያ ጨለማው ውስጥ ስንገባ ጠዋት ያለ ልብ የሰማሁት ስብከት መጣብኝ፤ ጋኑ ሲያስገመግም የፈራችው እናት እኮ እኔ ነኝ። ለዓመታት የጸለይኩት «ከጨዋታው አውጣልኝ» የሚለው ጸሎት ከአፌ ጠፋ። «ትንፋሹን ብቻ» አልኩ። «ሌላውን እንደ ፈቃድህ። ዘንድሮ አልልም፣ ነገ አልልም፣ ቀጣዩን ትንፋሽ ብቻ። ገብርኤል፣ ጥላህን ይዤ ቁልቢ እመጣለሁ።» ከዚያ ልጅ ሆኜ እናቴ ታዘምርልኝ የነበረ መዝሙር ሳላስበው መጣልኝና እስከ ሰሜን ካሮላይና ወሰን ድረስ አንጎራጎርኩት።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሲሆን ስልኩ ጮኸ። «ቱቦው ገብቷል። እየተነፈሰ ነው» አለች ነርሷ። ወንድማችን መኪናውን ዳር አቁሞ ወረደና አስፋልቱ ዳር ተንበረከከ። እኔ እልል አልኩ። ታቦቱ ሲወጣ የነፈግሁትን እልልታ በጨለማ ሜዳ ላይ፣ የጭነት መኪኖች እያለፉብኝ አወጣሁት።

ሊነጋጋ ሲል ደረስን። በኮሮናው ምክንያት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚገባው፤ ገባሁ። አንገቱ ላይ ቱቦ፣ ፊቱ አብጦ ሌላ ሰው መስሏል። ድምፅ የለውም። እኔ ማልቀስ ስጀምር ቀኝ እጁን ከአንሶላው አወጣና ጭኑ አጠገብ ዝቅ አድርጎ አንድ ጣቱን ዘረጋልኝ። ካቸር ለፒቸሩ የሚሰጠው ምልክት ነው። አንድ ጣት ማለት «ቀጥታ፣ በሙሉ ኃይልህ ወርውር» ማለት ነው። ልጅ ሆኖ ከአባቱ ጋር ሲጫወቱ በመስኮት ሳየው የኖርኩት ነው። እሱ ነው እኔን ያጽናናኝ፤ ሕፃኑ ነው እናቱን ያበረታት።

የቀዶ ሕክምናው ሐኪም በኋላ እንደነገረኝ አውቶቡሱ ላይ ቢሆን ኖሮ መተንፈሻው የሚዘጋው በሁለት ከተሞች መካከል፣ ሁሉም ሰው እንቅልፍ በወሰደው ሰዓት ነበር። አምላኬ ሰውየውን እበሩ ላይ አቆመልኝ፣ ልጄን ውኃ አስጠማልኝ።

የተሰበረውን በትንንሽ ብረት ጠገኑት። መስቀል አለፈ፣ ገና አለፈ፣ ድምፁ ሻካራ ሆኖ ተመለሰ። በጸደይ ወደ ቦታው ተመልሶ ቁጢጥ አለ። አልከለከልኩትም። «ሌላውን እንደ ፈቃድህ» ብያለሁና። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ቁልቢ ስንወጣ ጥላውን የተሸከመው እሱ ነው።

ሜጀር ሊግ አልደረሰም። በታችኞቹ ሊጎች አንድ ደረጃ ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ቡድኑ አሰናበተው። ስንት ዓመት ይህን የለመንኩት እኔ፣ በስልክ ሲነግረኝ አለቀስኩ። አሁን ትንንሽ ካቸሮችን ያሠለጥናል፤ በዚያ ሻካራ ድምፁ ሲጮህባቸው ከአጥሩ ውጪ ይሰማል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1976 ዶጀርስ የተባለው ቡድን ካቸር ስቲቭ ዬገር በተሰበረ ዱላ ስንጣሪ አንገቱ ከተወጋ በኋላ የቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ቢል ቡለር ከጭንብል ሥር የምትንጠለጠል የጉሮሮ መከላከያ ሠራ። ልጆቻችሁ ካቸር ከሆኑ እሷን አድርጉላቸው። ጉሮሮው የተመታ ልጅ ድምፁ ከተለወጠ ወይም መዋጥ ካስቸገረው፣ «ደህና ነኝ» ቢላችሁም ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ እብጠቱ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ያን የሕክምና ባለሙያም በጸሎታችሁ አስቡልኝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፣ አሜን።